ራሳችሁን ስትጠቅሱ፦ ለወጣት ቀዶ ሐኪሞች

ውድ ልጆቼ፣

ጥናት ማሳተም የጀመራችሁ ሁሉ ኤች ኢንዴክስ የሚባለውን ቁጥር ታውቁታላችሁ። የፊዚክስ ተመራማሪው ሆርሄ ሂርሽ እ.ኤ.አ. በ2005 ያቀረበው መለኪያ ነው። 10 ጽሑፎቻችሁ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 10 ጊዜ ከተጠቀሱ ቁጥራችሁ 10 ይሆናል። ቅጥርና እድገት ሲወሰን ይሄ ቁጥር መነሳቱ አይቀርም። ታዲያ ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር አለ፦ የራሴን ጽሑፍ መጥቀስ ነውር ነው?

ነውር አይደለም። እንዲያውም አለመጥቀስ የሚጎዳበት ጊዜ አለ። የ80 ታካሚዎችን የአንድ ዓመት ውጤት አሳተማችሁ እንበል። ቆይታችሁ የእነዚያኑ ሰዎች የአምስት ዓመት ውጤት ስታወጡ የመጀመሪያውን ካልጠቀሳችሁ፣ አንባቢ ሌሎች 80 ሰዎች ይመስሉታል። ጥናቶችን አሰባስቦ የሚደምር ተመራማሪም 160 ብሎ ሊቆጥራቸው ይችላል። ቀዶ ሕክምናው ከሆነው በላይ የተፈተነ ይመስላል። የዚህ ዳፋ ደግሞ ለታካሚ ይተርፋል።

የምፈራላችሁ ሌላውን ነው። መግቢያው ላይ «ሄርኒያ የተለመደ ሕመም ነው» ትሉና ከኋላው የራሳችሁን አራት ጽሑፎች ትደረድራላችሁ። አንዱ ስለ ሐሞት ጠጠር ነው፤ ሌላው ስለ ረዚደንቶች ስልጠና። ለአንባቢ ምንም አይፈይዱም። ጽሑፍ ስገመግም እንዲህ ያለ ነገር ካየሁ የቀረውንም በጥርጣሬ ነው የማነበው።

ቁጥሩ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ደግሞ ለሁሉም እኩል አይደለም። ጠቅላላ የጥቅስ ብዛት ራሳችሁን በጠቀሳችሁ ቁጥር ይጨምራል። ኤች ኢንዴክስ ግን እንዲህ በቀላሉ አይነቃነቅም። ብዙ የተጠቀሰውን ጽሑፋችሁን ደጋግማችሁ ብትጠቅሱት ለውጥ የለም። ከፍ የሚለው ጠርዝ ላይ ያለው ሲነካ ነው። አንዲት ወጣት ሰርጀን 9፣ 7፣ 6፣ 5 እና 4 ጊዜ የተጠቀሱ አምስት ጽሑፎች ቢኖሯት ቁጥሯ 4 ነው። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን እንያቸው፦ 5 ጊዜ የተጠቀሰው ደህና ነው፤ የጎደለው 4 ላይ ያለው ብቻ ነው። እሱን ራሷ አንዴ ብትጠቅሰው ቁጥሯ 5 ይሆናል። በአንዲት መስመር የሩብ ያህል ጭማሪ! 40 የደረሰ ፕሮፌሰር 41 ቢገባ ማን ልብ ይለዋል? ፈተናው እናንተ ላይ ይብሳል የምለው ለዚህ ነው።

ጣሊያንን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ሕግ የዩኒቨርሲቲ እድገትን ከጥቅስ ቁጥር ጋር ካስተሳሰረ በኋላ፣ ራስን መጥቀስ መጨመሩን ተመራማሪዎች አሳይተዋል። ሰዎቹ በአንድ ሌሊት አልተበላሹም፤ መለኪያው ነው የጎተታቸው። ስለዚህ ወቀሳዬ ለገምጋሚ ኮሚቴዎችም ነው። ሌሊቱን ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ላይ ያደረን፣ ረዚደንት የሚያሰለጥንን ሰው በአንድ ቁጥር መመዘን በደል ነው።

ለማንኛውም ጽሑፎችና ጥቅሶቻቸው የሚመዘገቡበት ስኮፐስ የተባለው የመረጃ ቋት ላይ ግቡና የራስን ጥቅስ አውጥቶ የሚያሰላውን ምርጫ ተጫኑ። ሁለቱንም ቁጥር እወቁ። ሲቪያችሁ ላይም ከየት እንዳመጣችሁት ጻፉ፤ ጉግል ስኮላር የራስን ጥቅስ ለይቶ አያወጣም። ልዩነቱ ከሰፋ ደግሞ አትደንግጡ። ብርቅ በሆነ በሽታ ላይ የሚሠሩ ጥቂት ናቸው፤ ከራሳቸው ሌላ ብዙም የሚጠቅሱት የለም። እንዲያ ከሆነ በአጭሩ አስረዱ።

ጽሑፉን ከመላካችሁ በፊት የማጣቀሻ ዝርዝሩን ከቡድናችሁ ውጭ ላለ ባልደረባ አሳዩ። «ይሄ እዚህ ምን ይሠራል?» ብሎ ሲጠይቃችሁ መልስ ካጣችሁ፣ አውጡት።