«ቆጠረ» ወይስ «ገመተ»?

ጥያቄ፦ በመመረቂያ ጽሑፌ አማርኛ ማጠቃለያ ላይ «ሶፍትዌሩ ለዚህ ጂን 41.75 ንባቦችን ቆጥሯል» ብዬ ብጽፍ አማካሪዬ «ቆጥሯል»ን ሰርዘው «ገምቷል» አደረጉት። «ገመተ» በዘፈቀደ የተባለ አያስመስለውም? «የጂን አገላለጽ» የሚለውስ ልክ ነው?

መልስ፦ አማካሪዎ ልክ ናቸው። ንባብ ማለት መሣሪያ ቅደም ተከተሉን ያነበበው አጭር የአርኤንኤ ቁራጭ ነው፤ ሩብ ጎደል ንባብ አይቆጠርም። እንዲህ ያለ ክፍልፋይ የሚሰጠው፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው አርኤስኢኤም (RSEM) የተባለ ሶፍትዌር የሚሠራው እንዲህ ነው፦ አንዲት አጭር ንባብ ከሁለት ተመሳሳይ ትራንስክሪፕቶች (ከጂን የተቀዱ የአርኤንኤ ቅጂዎች) ጋር እኩል ልትገጥም ትችላለች፤ ከየትኛው እንደመጣች አይታወቅም። ፕሮግራሙ እስካሁን በያዘው ስሌት አንደኛው የሁለተኛውን 3 እጥፍ የሚበዛ ከሆነ ንባቧን 0.75 እና 0.25 አድርጎ ያካፍላታል። ከዚያ ድርሻዎቹን ደምሮ ብዛቱን ያርማል፣ መልሶ ያካፍላል፤ ለውጡ እዚህ ግባ የማይባል እስኪሆን ይመላለሳል። «ቆጠረ» ይህን ሁሉ ይደብቃል። አሻሚዎቹን ንባቦች ትቶ የቀሩትን በየጂኑ ለሚደምረው ኤችቲሴክ (HTSeq) ለተባለው ፕሮግራም ግን «ቆጠረ» ትክክለኛው ግስ ነው።

ሥጋትዎ መሠረት አለው፤ «እስቲ ገምት» ሲባል ጥንቆላ ይመስላል። የንብረት ገማች ወይም የመኸር ምርት ግምት ስንል ግን በመረጃ የተሰላ ማለታችን ነው። ስለዚህ ከግሱ ይልቅ ስሙን ይጠቀሙ፦ «በአርኤስኢኤም ስሌት የጂኑ የንባብ ግምት 41.75 ነው»። «በግምት 41.75» ግን አይበሉ። «በግምት» ማለት «ገደማ» ነውና፣ ከነጥብ በኋላ ሁለት አሃዝ ሲከተለው ያስቃል።

«አገላለጽ» እንደ አካሄድ፣ እንደ አለባበስ፣ ሁኔታን የሚናገር ስም ነው፤ «እንዴት» እንጂ «ምን ያህል» አይመልስም። ለብዛት፣ ማለትም ከጂኑ ምን ያህል አርኤንኤ እንደተቀዳ ለመናገር፣ «የመገለጽ መጠን» ይሻላል። «ጂኑ ተገልጿል» ብቻውን ሲቆም ደግሞ አንባቢው «ከላይ ተጠቅሷል» ብሎ ይረዳዋል፤ «በጉበት ሴሎች ውስጥ በብዛት ይገለጻል» ብለው ቦታውን ይጨምሩበት።

መጠኑን በቲፒኤም (TPM) ካቀረቡ «ንባብ» የሚለው ቃል ይቅር። ቲፒኤም የንባብ ግምቱ በትራንስክሪፕት ርዝመት ተካፍሎ፣ የናሙናው ድምር 1 ሚሊዮን እንዲሆን የተስተካከለ ድርሻ ነው። የጂኖችን የመገለጽ ልዩነት ለሚፈትነው ዲሴክ 2 (DESeq2) የሚሰጠውም እሱ ሳይሆን የንባብ ግምቱ ነው፤ ፕሮግራሙ ሙሉ ቁጥር ስለሚፈልግ ግምቶችን አስተካክሎ በሚያስገባው ቲኤክስኢምፖርት (tximport) በኩል ያስገቡት ወይም ያጠጋጉት። ካጠጋጉትም «የተጠጋጋ የንባብ ግምት» ብለው ይጻፉ፤ 41.75 ወደ 42 ስለተጠጋ ቆጠራ አይሆንም።