ኑዛዜሽ ላይ የቤት ስም አትጻፊ

እህቴ፣ «ታምሜያለሁ፤ ልጆቼን እህቴ እንድታሳድግልኝ በእጄ ጽፌ ባስቀምጥ ይበቃል ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እግዚአብሔር ይማርሽ። እኛ ያየነውን ልጆችሽ እንዳያዩ ልንገርሽ።

1. ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በራስሽ እጅ ጻፊው። ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ ይናገር። በ7 ዓመት ውስጥ ውል አዋዋይ ዘንድ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካላስቀመጥሽው ደግሞ ይፈርሳል።

2. ስም። እኛን የፈጀን ይሄ ነው። እናቴ ከደብተር በተገነጠለ ወረቀት «ልጆቼን እታበባ ታሳድግልኝ» ብላ ጽፋ አረፈች። እታበባ ታናሽ እህቷ ናት። ሰፈሩ ሁሉ በሌላ ስም አያውቃትም። መታወቂያዋ ላይ ግን እታበባ የለም። የአባቴ ወገኖች ደግሞ «እኛም ዘንድ እታበባ አለች» አሉ። ጽሕፈት ቤት ስንሄድ ሠራተኛው ወረቀቱን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ «የቤት ስም አላውቅም፤ ቀጣይ!» አለን። አክስቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ወጣች። 14 ወር ተመላለስን። ትንሹ ወንድሜ ያን ሁሉ ጊዜ ከእኛ ተለይቶ ኖረ። በመጨረሻ የእድራችንን ዳኛና ጎረቤቶችን ይዤ ያስመሰከርኩት እኔ ነኝ፣ በ17 ዓመቴ።

ኋላ ለንደን ልጅ ጠባቂ ሆኜ ስሠራ፣ ልጆቹን ኬንሲንግተን ጋርደንስ የሚባል መናፈሻ፣ የልጆች ተረት ጀግናው የፒተር ፓን ሐውልት ጋ እወስዳቸው ነበር። ለተረቱ መነሻ የሆኑትን ልጆች እናት ታሪክ ያኔ ሰማሁ። ሲልቪያ ሉዌሊን ዴቪስ ትባላለች። 5 ወንዶች ልጆች ነበሯት። የፒተር ፓን ደራሲ ባሪ ትልልቆቹን የተዋወቀው እዚያው መናፈሻ ነው፤ ፒተር ፓንም ከእነሱ ጋር ከተጫወተው ጨዋታ ወጣ። ባሏ እ.ኤ.አ. በ1907 በካንሰር ሞተ። እሷም በ1910፣ በ43 ዓመቷ ተከተለችው።

በእጇ ጽፋ የተወችው ወረቀት ላይ ባሪን ከአደራ ተቀባዮቹ አንዱ አድርጋዋለች። ልጆቹን ግን ልጅ ጠባቂያቸው ሜሪና የሜሪ እህት ጄኒ አብረው እንዲይዙላት ነበር የፈለገችው። ባሪ ወረቀቱን ለልጆቹ አያት ሲገለብጥ «ጄኒ» የሚለው «ጂሚ» ሆነ። ጂሚ የሚሉት ራሱን ባሪን ነው! አውቆ ይሁን ተሳስቶ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ገንዘቡን አልሰሰተባቸውም፤ እሱ አሳደጋቸው። ግን የእናት ቃል ሌላ ነበር። ይህን የሰማሁ ቀን ሐውልቱ ሥር ቆሜ አለቀስኩ።

3. ስትጽፊ የእህትሽን መታወቂያ ፊትሽ አስቀምጪ። ፊደል በፊደል እያየሽ፣ እስከ አያት ጻፊ። አጠገቡም «እህቴ» በይ። ከዚያ እሷ ራሷ ጮክ ብላ ታንብብልሽ።