ሹራቡን ሳትቀቅሉ መቀስ አታስገቡበት

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንዴት ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከወገል ጤና ነው። ሰባት ሴቶች ሆነን አሮጌ ሹራብ እየሰበሰብን ጓንት ሰፍተን መሸጥ ጀምረናል። ገንዘቡ ለሰፈራችን ችግረኛ ልጆች ደብተር መግዣ ነው። ግን መቀስ ባስገባን ቁጥር ሹራቡ ይተረተርብናል። የመጀመሪያዎቹን አምስት ጥንድ የገዙን ዘመዶቻችን ናቸው፤ ሌላው ሰው ዞር ብሎም አላየን። ምን ይሻለናል?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ። ጥፋቱ የእጃችሁ አይደለም፣ ሹራቡ አልተቀቀለም።

እኔም የተማርኩት አጥፍቼ ነው። ደሴ ገና ስፌት ስጀምር የባለቤቴን የሱፍ ሹራብ በሚፋጅ ውሃ ዘፍዝፌ፣ በሳሙና አሽቼ ሳወጣው የአምስት ዓመት ልጅ ልክ ሆኖ ቁጭ! ሰውዬው እስከ ዛሬ ያነሳብኛል። ሹራቡ ግን እንደ ባና ጥቅጥቅ ብሏል። ብቆርጠው አንድ ክር አልወጣም። ሱፍ የበግ ፀጉር አይደል? ሙቀት፣ ሳሙናና እሽት ሲያገኝ እርስ በርሱ ይቆላለፋል።

ይሄ የሚሆነው ግን ለእውነተኛ ሱፍ ብቻ ነው። የሳልባጅ ሹራብ ምልክቱ ብዙ ጊዜ ተቆርጧል። ከውስጥ ስፌቱ አንድ ክር ምዘዢና ክብሪት ጫሪበት። የተቃጠለ ፀጉር ከሸተተና አመዱ በጣት ከተፈረፈረ ሱፍ ነው። ቀልጦ እንደ ጨሌ ከጠጠረ ሰው ሠራሽ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ብትቀቅሉት አይጠብም። እሱን የምትቆርጡበትን መስመር መጀመሪያ በማሽን ሁለት ጊዜ ሂዱበት፣ ከዚያ ቁረጡ።

አራቱን ጣት በአንድ ቤት፣ አውራ ጣትን ለብቻው አድርጉ። ጣቶቹ ተጠጋግተው ይሟሟቃሉ፣ ስፌቱም ይቀላል። የሹራቡን የታች ጠርዝ፣ ያን ሸብሸብ የሚለውን፣ በእጅ አንጓ በኩል አውሉት። በነፃ የተገኘ ላስቲክ ነው! አውራ ጣቱ ብብት ላይ ግን ሁለቴ ስፉ። መጀመሪያ የሚቀደደው እዚያ ነው።

አሁን ወደ ሽያጩ። ዘመድ «ለደብተር ነው» ሲባል አንዴ ይገዛል። ሁለተኛ የሚመጣው እጁ ከሞቀው ነው። ለባጃጅ ሹፌር አታቅርቡ፤ ፍሪሲዮኑን በምን ጣቱ ይይዛል? ጠዋት ከብት ለሚያወጣ፣ ትምህርት ቤት ለሚሄድ ልጅ ስፉ። ሁለቱን በአንገት በሚያልፍ ገመድ አያይዟቸው፣ አለዚያ ማታ አንዱን ብቻ ይዞ ይገባል። አንድ ጥንድ ስንት ደብተር እንደሚገዛም ካርቶን ላይ ጻፉና አጠገቡ አቁሙ።

ጥቅምትና ኅዳር ውርጩ ሳያልፍ ድረሱ። «ከተማ ይሻላል» ብላችሁ ደግሞ ኮምቦልቻ እንዳትወርዱ። እዚያ ጓንት ይዞ የመጣን ሰው ቀዝቃዛ ውሃ ነው የሚጋብዙት።