ሉኪኒያ የበሉ በጎች ፀጉራቸው ለምን ረገፈ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሐዋሳ፣ ቱላ አካባቢ ነው። በበጋ ሳር ሲጠፋ አጥሬ ላይ ያለውን ሉኪኒያ እየቆረጥኩ ለበጎቼ ብቻውን ስሰጥ ከረምኩ። አሁን ፀጉራቸው ሲነኩት ይነቀላል፣ ለሃጫቸው ይዝረበረባል፣ ከስተዋል። የጎረቤቴ ፍየሎች ግን ያንኑ ቅጠል ዓመቱን ሙሉ እየበሉ ምንም አልሆኑም። አዮዲን ያለው ጨው ብሰጣቸውስ?

መልስ፦ መጀመሪያ እከክ አለመሆኑን ይዩ። እከክ የያዘው በግ ከአጥር ጋር ይታከካል፣ ቆዳውም ይቀረፈፋል። ቆዳው ንጹህ ሆኖ ፀጉሩ ብቻ ከተነቀለ እኔም የምጠረጥረው ሉኪኒያውን ነው።

ሉኪኒያ በፕሮቲን የበለጸገ መኖ ነው፤ አጥርዎን እንዳይነቅሉት። ግን ሚሞሲን የሚባል ውህድ አለበት፣ ለጋው ቀንበጥ ላይ ደግሞ ይብሳል። ፀጉሩን የሚያረግፈው እሱ ነው። ጨጓራ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ሚሞሲኑን ዲኤችፒ ወደሚባል ሌላ ውህድ ይለውጡታል። ይሄኛው አንገት ላይ ያለውን የታይሮይድ እጢ ሥራ ያውካል። እጢው የሚያመነጨው ሆርሞን ሲጓደል በጉ የመብላት ፍላጎቱ ይቀንሳል፣ እየከሳ ይሄዳል፣ እንቅርትም ሊያወጣ ይችላል። አዮዲን ያለው ጨው ይህን አይፈታም፤ እጢው አዮዲኑን እንዳይጠቀምበት ነው የታገደው።

ታዲያ የጎረቤትዎ ፍየሎች? አውስትራሊያዊው ተመራማሪ ሬይመንድ ጆንስም የገረመው ይኸው ነበር። የአውስትራሊያ ከብቶች በሉኪኒያ ሲታመሙ የሃዋይ ፍየሎች ደህና ነበሩ። ልዩነቱ ዲኤችፒን የሚያፈርስ ባክቴሪያ ሆኖ ተገኘ። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከሃዋይ ፍየሎች ጨጓራ ተወስዶ ለአውስትራሊያ ከብቶች ተሰጠ፣ እነሱም ዳኑ። በ1992 ባክቴሪያው በእሱ ስም ሲነርጂስቲስ ጆንሲ ተባለ። የጎረቤትዎ ፍየሎችም እንዲህ ያለ ባክቴሪያ ሳይኖራቸው አይቀርም። ወይም ፍየል ፍየል ናት፣ ያገኘችውን ሁሉ ስለምትቀነጥብ ሉኪኒያው አልበዛባትም ይሆናል።

አሁን ሉኪኒያውን ሙሉ በሙሉ ያቁሙ። ደሾ ሳር፣ የስኳር ድንች ሐረግ፣ የእንሰት ቅጠል፣ ያገኙትን ይስጧቸው። ሲያገግሙ በትንሽ በትንሹ ይመልሱት፤ ከጠቅላላ መኖው ከሲሶ አይለፍ። ማድረቅ ሚሞሲኑን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም። ባክቴሪያው አብረው ከሚውሉ እንስሳት ስለሚተላለፍ በጎቹን ከጎረቤት ፍየሎች ጋር ማሰማራት ሊረዳ ይችላል። ግን «ደስታ መሰል» የሚባለው የበግና የፍየል ተላላፊ በሽታም በዚያው መንገድ ይመጣልና መጀመሪያ የቀበሌውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ አማክረው ያስከትቡ።

ያረገዘች በግ ካለች ሉኪኒያውን እስክትወልድ አይስጧት። አህያ ካለዎት ደግሞ ጭራሽ አያቅምሷት። አህያ ስለማታመሰኳ እነዚያ ባክቴሪያዎች አይደርሱላትም፣ ጋማዋና ጭራዋ ይመለጣል።