ደሴት ላይ ላለ ልጅ ታሪክ አትስፉለት

አቴንስ ስኖር ሃያ ዓመት አልፎኛል። እንጀራዬ የሰው አረጋዊ መጦር ነው። ከዚያ የሚተርፈኝን ሰዓት ከደሴቶቹ የሚደውሉ ልጆቻችን ይወስዱታል። ይህን የምጽፈው አሜሪካ፣ ጀርመን፣ ስዊድን፣ ዱባይ ሆናችሁ «የእህቴ ልጅ ግሪክ ገባ፣ ምን ላድርግለት?» እያላችሁ ለምትጠይቁኝ ነው። አንዳንዶቻችሁ ትቀየሙኛላችሁ። ተቀየሙኝ፣ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ቦታውን እወቁት። «ግሪክ ገባ» ስትባሉ አቴንስ የገባ አይምሰላችሁ። ከቱርክ በጎማ ጀልባ የሚሻገር ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው ሌስቦስ፣ ኪዮስ፣ ሳሞስ፣ ሌሮስ ወይም ኮስ ላይ ነው። የአውሮፓ ኅብረትና ቱርክ በመጋቢት 2016 ከተስማሙ ወዲህ እንዲህ የገባ ሰው ጉዳዩ እስኪታይ በደሴቱ ላይ ይቆያል። ወደ አቴንስ ወደብ፣ ወደ ፒሬየስ የሚሄድ መርከብ ልሳፈር ቢል ወረቀቱን አይተው ከወደቡ ይመልሱታል። በ2020 መጀመሪያ በአምስቱ ደሴቶች ለ6,000 ሰው ገደማ በተሠራ ቦታ ከ40,000 የሚበልጥ ሕዝብ ታጭቆ ነበር። ሌስቦስ ላይ የነበረው ሞሪያ ለ3,000 ሰው እንኳ የማይበቃ ካምፕ ሆኖ ወደ 20,000 ሰው ይዞ ነበር። አጥሩ ውስጥ ቦታ ያጣው ዙሪያውን ባለው የወይራ ማሳ ሸራና ጣውላ እያያያዘ ጎጆ ቀለሰ። ሳሞስ ላይ ከቫቲ ከተማ በላይ የነበረው ካምፕ 648 ሰው እንዲይዝ የተሠራ ነበር፤ ከ7,000 በላይ ሰው ገባበት። ለቁርስ ሌሊት ይሰለፋሉ፣ ቁርሱን በልተው ለምሳ ይሰለፋሉ። ሴቶች በጨለማ ሽንት ቤት መሄድ እየፈሩ ዳይፐር አስረው ያድሩ ነበር። ይህን ለመጻፍ እጄ ይከብደኛል፤ ግን እዚያ ያለችው እህታችሁ በስልክ አትነግራችሁም።

ሞሪያ በመስከረም 2020 ተቃጥሎ ከ12,000 የማያንስ ሰው አስፋልት ላይ አደረ። ከ2021 ጀምሮ በአውሮፓ ገንዘብ የተሠሩት አዳዲሶቹ፣ ለምሳሌ የሳሞሱ ዜርቩ፣ ኮንቴይነር ቤትና ውኃ አላቸው፤ ድርብ አጥር፣ ካሜራና በካርድ የሚከፈት በርም አላቸው። አዲስ የገባ ሰው እስከ 25 ቀን ከግቢው ላይወጣ ይችላል። ጀልባው ሲበዛ እነሱም ከአቅማቸው በላይ ይሞላሉ፤ በ2023 መከር ሳሞስ እንዲያ ሆኖ ነበር። ልጃችሁ ያለው እንዲህ ያለ ቦታ ነው። አሁን ወደ ምክሩ።

1. ወረቀት። የተሰጠውን ወረቀት ሁሉ ከፊትም ከኋላም ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ፣ ቀጠሮ እንዳያሳልፍ፣ ኔጋቲቭ (ጥያቄህ ውድቅ ሆኗል የሚል መልስ) ከመጣ ደግሞ የይግባኙ ቀን በጣት የሚቆጠር ነውና በዚያው ዕለት ጠበቃ ይፈልግ።

2. ልብስና ገንዘብ። ከቤተ ክርስቲያንና ከማኅበር የተሰበሰበ አሮጌ ልብስ በካርቶን አትላኩ። የመላኪያው ብቻ ከልብሱ ዋጋ ይበልጣል፤ እዚያ የሚደርሰው የክረምት ካፖርት ደግሞ በሰኔ ነው። የሚጎድላቸው የውስጥ ሱሪ፣ ካልሲ፣ ነጠላ ጫማ፣ የሴቶች ንጽሕና መጠበቂያ፣ የሕፃናት ዳይፐር፣ ፓወር ባንክና የስልክ ካርድ ነው። ይህ ሁሉ ደሴቱ ላይ ይሸጣል። ስለዚህ እዚያው ለሚሠራ ድርጅት ገንዘቡን ስጡ፣ ወይም ለልጁ ጥቂት ጥቂት አድርጋችሁ ላኩለት። መታወቂያ የለኝምና በሌላ ሰው ስም ላኩልኝ ካላችሁ የሚቀበለው ማን እንደሆነ ጠይቁ። መሀል ላይ ቆሞ ግማሹን የሚቆርጥ የኛው ሰው አይጠፋም። «መንግሥት ይሰጠው የለም ወይ?» ትሉኛላችሁ። በካርድ የሚሞላ ጥቂት ዩሮ አለ፤ ግን ይቋረጣል። በ2021 መከር ክፍያው ከተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን ወደ ግሪክ መንግሥት ሲዛወር ለወራት ሳንቲም ያላዩ ነበሩ። እንዲህ ባለ ጊዜ ከእናንተ የምትደርሰው 30 ዩሮ ትልቅ ነገር ናት። ብዙ ብር በአንዴ አትላኩ ግን። ብዙ ብር ደላላ ይጠራል፤ ደላላ ደግሞ የሐሰት ፓስፖርት ይሸጥለታል።

3. ታሪክ፤ ጥገኝነት ሲጠይቅ «ከአገሬ የወጣሁት በዚህ ምክንያት ነው» ብሎ የሚናገረው። የምቆጣው እዚህ ላይ ነው።

ልጁ ደሴት ገብቶ ጫማው ሳይደርቅ ስልኩ መጮህ ይጀምራል። አንዱ ከሚኒሶታ ደውሎ «ታስሬ ተገርፌአለሁ በል» ይለዋል። ሌላዋ ከፍራንክፈርት «16 ዓመቴ ነው በል» ትለዋለች። ሦስተኛው ከስቶክሆልም «ኤርትራዊ ነኝ በል፣ ኤርትራዊን አይመልሱም» ይለዋል። እውነተኛው የ16 ዓመት ልጅ ደግሞ ቶሎ እንዲለቁት «19 በል» ተብሎ፣ ለሕፃን የሚሰጠውን ጥበቃ በገዛ አፉ ያጣል። ደዋዮቹ ክፉ ሰዎች አይደሉም። ለእነሱ ከዓመታት በፊት፣ በሌላ አገር፣ በሌላ ሕግ የሠራላቸውን ነው የሚነግሩት። ቃለ መጠይቁን የሚያደርጉት ጠያቂዎች ግን ያንኑ እስር ቤት፣ ያንኑ ዘበኛ፣ ያችኑ በር ከፍታ ያስመለጠች ደግ ሴት በሳምንት አሥር ጊዜ ይሰሙታል።

የኤርትራዊነቱ ነገር መነሻ አለው። በመስከረም 2015 አውሮፓ ከግሪክና ከጣሊያን ስደተኛ ወደ ሌሎች አገሮች ለማከፋፈል ወሰነ። ዕድሉ የተሰጠው ግን ጥገኝነት ጠይቀው ከመቶ 75 እና ከዚያ በላይ ለሚሳካላቸው ዜጎች ብቻ ነበር። ሶሪያና ኤርትራ ገቡ፣ ኢትዮጵያ አልገባችም። ወሬው በአንድ ሌሊት ከኢስታንቡል እስከ ካርቱም ደረሰ። ያልደረሰው ወሬ ይህ ነው፦ ከመጋቢት 20 ቀን 2016 በኋላ ግሪክ ደሴት የገባ ሰው በተግባር ያ ዕድል አልደረሰውም።

እኔ ይህን አላውቅም ነበር። የማውቅ መስሎኝ ግን እመክር ነበር።

በጥቅምት 2016 አንዲት ልጅ ከደሴቶቹ በአንዱ ሆና ደወለችልኝ። ከደሴ ወጣ ብሎ ያለ አገር ልጅ ናት፤ የአክስቴ ጎረቤት ልጅ። ቁጥሬን የሰጠቻት አክስቴ ነበረች። «እትዬ፣ ምን ልበል?» አለችኝ። ጊዜ አልወሰድኩም። የማጥባቸው አሮጊት ገንዳ ውስጥ ነበሩ፣ ስልኩን በትከሻዬ ይዤ ነው የመለስኩላት። «ኤርትራዊ ነኝ በይ» አልኳት። ኢስታንቡል ከኤርትራውያን ልጆች ጋር ስድስት ወር አንድ ክፍል ኖራ ትግርኛ ትሞክራለች። «እናቴ ከሰንዓፈ፣ አባቴ ከአሥመራ በይ፣ አማርኛሽ እንዳያስነቃሽ አሚቼ ነኝ፣ አዲስ አበባ ያደግሁ ኤርትራዊት ነኝ በይ» አልኳት። ኮራሁ እንኳ። ጥሩ የተሰፋ ታሪክ መስሎኝ ነበር።

ያንን ክረምት በድንኳን አሳለፈችው። በጥር ደሴቶቹ ላይ በረዶ ጥሎ የበጋ ድንኳን ላይ ተቆለለ። በየሳምንቱ እየደወለች የሰጠኋትን ታሪክ እንደ ዳዊት ትደግምልኝ ነበር፤ የመንደር ስም፣ የወንዝ ስም፣ የበዓል ቀን። እኔም አርማታለሁ።

ቃለ መጠይቁ በጸደይ መጣ። ቤተሰቧ መቼ ወደ ኤርትራ እንደተመለሰ ጠየቋት፤ ገመተች። ናቅፋ መቼ ተቀየረ አሏት፤ የኤርትራ ብር በ2015 መጨረሻ እንደተቀየረ ሁለታችንም አናውቅም። ሳዋ፣ የኤርትራ ተማሪዎች ለውትድርና ሥልጠና የሚሄዱበት፣ የሚወርዱት ስንተኛ ክፍል ሲደርሱ ነው አሏት፤ አሥረኛ አለች፣ አሥራ ሁለተኛ ነው። አስተርጓሚዋ ትግርኛዋን ሲሰማ ምን እንደተሰማው እግዜር ይወቀው። በሐምሌ መልሱ መጣ። በግሪክኛ ስለሆነ ገጹን በሙሉ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ፤ ባቡር ውስጥ ቆሜ አነበብኩላት። «ተአማኒነት የለውም» የሚል ቃል አራት ቦታ ነበረበት።

አንብቤ ስጨርስ ዝም አለች። ከዚያ «እትዬ፣ እውነቱን ልንገርሽ?» አለችኝ።

በ14 ዓመቷ ለሠላሳ አምስት ዓመት ሰው ድረዋት ነበር። ሁለት ጊዜ ጠፍታ ሁለት ጊዜ በገመድ አስረው መልሰዋታል። በሦስተኛው ደላላ አግኝታ ቤይሩት ገባች። ሰውየውና ወንድሞቹ እስከ ዛሬ እናቷን ያስፈራራሉ። ቤይሩት አሠሪዋ ፓስፖርቷን ቀምታ አራት ዓመት ያለ ደመወዝ አሠራቻት፣ በካውያም ክንዷን ተኮሰቻት። ጠባሳው አለ። ያን ሁሉ ወር ክንዷ ላይ ነበር። በግዳጅ መዳርም፣ ተሽጦ ተገዶ መሥራትም በጥገኝነት ሕግ የሚታዩ ጉዳዮች ናቸው። ሐኪም አይቶ የሚጽፈው፣ ጠበቃ የሚከራከርበት፣ ምናልባት ከደሴቱ አስወጥቶ ወደ ዋናው ምድር የሚያሻግራት ነገር በእጇ ነበር። እኔው ከዚያው አገር ወጥቼ፣ ገና ልጅ የሆኑ ሴቶች ሲዳሩ እያየሁ አድጌ፣ «ምን ሆነሽ ወጣሽ?» ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅኳትም።

ይግባኝ አልን። «አሁን ፈጥራ ነው» ተባለ። እንደገና ላመልክት ብትል ደግሞ አዲስ ነገር አምጪ አሏት። እንደገና ለሚያመለክት ሰው ሕጉ የሚጠይቀው አዲስና ጠቃሚ ነገር ነው፤ ጠባሳዋ አሮጌ ነበር። በ2018 መጨረሻ ስልኳ መጥራት አቆመ። ከደሴቱ ወጥታ ይሁን፣ ተመልሳ ይሁን፣ አክስቴም እናቷም አያውቁም። በቀይ መስቀል የዘመድ መፈለጊያ በኩል አስመዝግበናታል። በሐምሌ የላከችልኝ የዚያ መልስ ፎቶ እስከ ዛሬ ስልኬ ውስጥ አለ።

ስለዚህ ስትደውሉ ታሪክ አትስጡ፤ ጠይቁ። ከዚያ ዝም በሉ፤ ልጁ ቢያለቅስም ዝም በሉ። ቀኖቹን በደብተር እንዲጽፍ አድርጉ፤ ዓመቱን እኛ አገር አቆጣጠር ካወቀው በእኛው ይጻፈው፣ ለጠያቂውም በየትኛው አቆጣጠር እንደሚናገር አስቀድሞ ይንገረው። በሰባትና በስምንት ዓመት ልዩነት ብቻ «ይዋሻል» የተባሉ አይቻለሁ። የማያስታውሰውን «አላስታውስም» ይበል። ጠባሳ፣ በሽታ፣ እንቅልፍ ማጣት ካለው ለካምፑ ሐኪም ወይም ድንበር የለሽ ሐኪሞች ካሉበት ለእነሱ ያሳይ፣ ወረቀት ይቀበል፤ ከቃለ መጠይቁ በፊት እንጂ ከኔጋቲቭ በኋላ አይሁን። የተደፈረች ሴት ጠያቂዋም አስተርጓሚዋም ሴት እንዲሆኑ መጠየቅ ትችላለች። የተናገረው ተመልሶ ሳይነበብለት አይፈርም። ደግሞ ከ2020 ኅዳር ወዲህ በትግራይ፣ ከ2023 ወዲህ በአማራ ክልል፣ በኦሮሚያም ስንት ዓመት ሙሉ የሆነውን የምታውቁ ሰዎች፣ ከዚያ የወጣ ልጅ ሌላ አገር ሊዋስ የሚገባው ለምንድን ነው? ቤቱ የተቃጠለበትን ልጅ ያልነበረበት እስር ቤት ታስገቡታላችሁ?

4. ቋንቋ። በኦሮምኛ የሚያስበውን ልጅ በአማርኛ አስተርጓሚ፣ አማርኛ ብቻ የሚችለውን በትግርኛ አስተርጓሚ አስቀምጠው «ሁሉም ሐበሻ ነው» የሚሉበት ቀን አለ። ልጁ «አልገባኝም» የማለት መብት አለው፤ ቀጠሮ ይተላለፍብኛል ብሎ ዝም አይበል። እናንተ ደግሞ የፌስቡክ ጸባችሁን ወደ ድንኳን አታስገቡ። አንድ ኮንቴይነር ውስጥ የጎንደር፣ የመቀሌና የነቀምት ልጅ አብረው ይተኛሉ፣ አንድ ቻርጀር ይጋራሉ። «ከእነሱ ጋር አትብላ» ብሎ ከዋሽንግተን የደወለ አጎት አውቃለሁ።

5. ጊዜ። ገንዘብ ከሌላችሁ ጊዜ ስጡ። በሳምንት አንድ ቀን፣ በተወሰነ ሰዓት፣ ሳታጓድሉ ደውሉ።

ባለፈው ወር ከሌላ ደሴት አንድ የራያ ልጅ ደወለልኝ። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። «እትዬ፣ ምን ልበል?» አለኝ፤ ቃሉ ራሱ። ያን ቀን የማጥበው ሰው አልነበረም፣ ቢኖርም ቁጭ እል ነበር። «ምን ሆነህ ወጣህ?» አልኩት። ብዙ ሰዓት ዝም አለና ጓደኛው መጣ ብሎ ዘጋው። በነጋታው ራሱ ደወለ። በሦስት ማታ ጨረስነው፤ ግማሹን እያለቀሰ፣ ግማሹን ቀን እያሰላ። በደብተሩ አሥራ አንድ ገጽ ጽፏል። ስለ ወንድሙ ያለው ገጽ ላይ ሲደርስ ሌሎቹ እንዳይሰሙት ውጪ ወጥቶ በአጥሩ ጥግ ነው ያነበበልኝ። ቃለ መጠይቁ የፊታችን ሐሙስ ነው። ረቡዕ ማታ እንደውላለን፤ ደብተሩን አንዴ ያነብልኛል፤ እኔ ምንም አልጨምርበትም።