የፍንዳታውን ካርድ እናውጣው ወይስ እንተወው?

ጥያቄ፦ የተከበሩ አዘጋጅ፣ ቅዳሜ ማታ ከባለቤቴ ወንድምና ከሁለቱ ልጆቼ ጋር በአንደኛው የዓለም ጦርነት ተዋጊ አውሮፕላኖች የሚካሄደውን «ዊንግስ ኦፍ ግሎሪ» የተባለ የጠረጴዛ ጨዋታ እንጫወታለን። ባለፈው ሳምንት የ11 ዓመቱ ልጄ ገና በመጀመሪያው ዙር ከሩቅ ተተኩሶበት የፍንዳታ ካርድ ስለደረሰው ከጨዋታ ወጣ፤ እኛ እስክንጨርስም አንድ ሰዓት ሙሉ ቁጭ ብሎ ሲመለከት አመሸ። ስለዚህ ካርዱን ጨርሰን ልናስወግደው አስበናል። አማቼ በበኩሉ ማንም ሰው የተቃዋሚውን የመጀመሪያ ካርድ ካየ በኋላ የራሱን ቀሪ ሁለት የእንቅስቃሴ ካርዶች መቀየር ይፈቀድለት ይላል። ታላቁ ልጄ ደግሞ ሁሉም አውሮፕላኖች በአንድ ዓይነት ካርዶች ይብረሩ ባይ ነው። ጨዋታውን ሳናበላሽ የራሳችንን የቤት ደንብ እንዴት እናውጣ? (አንባቢ፣ ከፍራንክፈርት)

መልስ፦ የአማችዎን ሐሳብ አስቀድማለሁ፤ ከሦስቱ ጨዋታውን ከሥሩ የሚነቅለው እርሱ ነውና። ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ2004 በጣሊያን «ዊንግስ ኦፍ ዋር» ተብሎ ከወጣበት ጊዜ ጀምሮ የቆመው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ ሁሉም የአውሮፕላኑን መንገድ በቀስት የሚያሳዩ ሦስት ሦስት የእንቅስቃሴ ካርዶችን ገልብጦ ይደረድርና አንድ በአንድ፣ በአንድ ጊዜ ይገልጣል። ጠላት ወደ ግራ ይታጠፋል ብለው ሦስት ካርድ ካስቀመጡ በኋላ እርሱ ቀጥ ብሎ ሲያልፍዎት የሚሰማዎት ድንጋጤ ጨዋታው ራሱ ነው። ካርድ መቀየር ከተፈቀደ ግን ሁሉም ሌላው እስኪገልጥ ይጠብቃል፣ ግምት ይቀራል፣ ዙሩም በክርክር ይረዝማል። አማችዎ የሚፈልጉት ጠላትን በቅርብ የሚከታተል አብራሪ ብልጫ እንዲያገኝ ከሆነ፣ ከተቃዋሚው ጅራት ሥር የገባ ተጫዋች የራሱን ካርዶች ከመደርደሩ በፊት የታዳኙን የመጀመሪያ ካርድ ብቻ እንዲያይ ይፍቀዱለት። ይህ ብልጫ በመቀመጫ ሳይሆን በበረራ የተገኘ ይሆናል።

ወደ ፍንዳታው ካርድ ልምጣ። የልጅዎ ቅሬታ እውነተኛ ነው፤ አንድ ሰዓት ያለ ሥራ የተቀመጠ ልጅ በሚቀጥለው ቅዳሜ ላይመጣ ይችላል። ሆኖም ካርዱን ጨርሰው ካወጡት ጠንካራ አውሮፕላን የያዘ ሰው ምንም ሳይፈራ በጠላት መትረየስ ፊት ይመላለሳል። እኛም ቤት በዚህ ነገር ተቸግረን ነበርና «ፍንዳታው የሚሠራው አውሮፕላኑ ግማሽ ያህል ከተጎዳ ብቻ ነው» የሚል ደንብ አወጣን። ስሌቱ ያማረ ቢመስልም በሦስተኛው ጨዋታ ተውነው። በዚህ ጨዋታ አውሮፕላን ሲመታ የሚወሰደውን የጉዳት ካርድ የሚያየው የተመታው ተጫዋች ብቻ ስለሆነ፣ ካርዱ ወጥቶ አውሮፕላኑ ሳይፈነዳ ሲቀር ጠረጴዛው ዙሪያ ያለው ሰው ሁሉ የጉዳቱን መጠን ወዲያው ያውቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ የቤት ደንብ ሳወጣ የማስቀድመው ጥያቄ «ይህ ደንብ የሚመረኮዘው ሁሉም በሚያየው ነገር ላይ ነው ወይስ በተሸሸገው?» የሚለው ነው።

ሁሉም የሚያየው ነገር ደግሞ ርቀት ነው። የተኩስ ርቀት ከሚለካበት ማስመሪያ ግማሽ ባነሰ ርቀት ሲተኮስ ሁለት የጉዳት ካርድ፣ ከዚያ በላይ ሲሆን አንድ ካርድ ይሰጣል። እንግዲህ የፍንዳታው ካርድ የሚሠራው በቅርብ ርቀት ብቻ ይሁን፤ ከሩቅ በተተኮሰ ጊዜ ከወጣ ተጫዋቹ ካርዱን ያሳይ፣ በምትኩ ሌላ ካርድ ይውሰድ፣ የፍንዳታውም ካርድ ተመልሶ ይበወዝ። ይህ ከታሪኩም ጋር ይስማማል። ጀርመናዊው አብራሪ ኦስቫልድ በልከ እ.ኤ.አ. በ1916 ለተዋጊ አብራሪዎች ካወጣቸው መመሪያዎች አንዱ በቅርብ ርቀት ካልሆነ በቀር አትተኩሱ የሚል ነበር። በጠረጴዛዎም ላይ መቅረብን የሚደፍር ይሸለማል፣ ሌላውን ያስቀረበም አደጋውን ያውቃል።

የታላቁን ልጅዎን ሐሳብ አልደግፍም። የፈጣኑ አውሮፕላን ቀስት ይረዝማል፣ የቀላሉ ቀስት ደግሞ ሹል ሆኖ ይታጠፋል፤ ልዩነታቸው ያለው በካርዱ ላይ ነው። የእንግሊዞቹ ሶፕዊዝ ካሜል ሞተሩ ራሱ ከፕሮፔለሩ ጋር አብሮ የሚሽከረከር ስለነበር ወደ ቀኝ የመታጠፍ ፍጥነቱ የታወቀ ነበር፤ የፈረንሳዮቹ ስፓድ 13 ግን በፍጥነቱና በጥንካሬው እንጂ በመታጠፍ አልተመሰገነም። ሁለቱን በአንድ ካርድ ማብረር በቀለም ብቻ የሚለያዩ ሁለት አሻንጉሊቶችን መግፋት ነው። ልጅዎ ያስጨነቀው ፍትሐዊነት ከሆነ በሁለተኛው ጨዋታ አውሮፕላን ተለዋወጡ።

ስለ ከፍታ አልጠየቁኝም፤ ነገር ግን ከፍ ዝቅ የሚሉበትን አማራጭ ደንብ ልጆቹ መሠረታዊውን ጨዋታ ሳይለምዱ አይጀምሩት። አንድ አዲስ ደንብ ብቻ በአንድ ምሽት ይሞክሩ፣ አውሮፕላኖቹ ሳይነሱም በወረቀት ጽፈው ከሳጥኑ ክዳን ውስጥ ይለጥፉት። በጨዋታ መሐል የሚነሳ ክርክር በዚያች ምሽት ዳይስ በመጣል ይወሰን፤ ቋሚ ደንብ የሚሆነው ግን በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ ማን ምን እንደያዘ ገና ሳይታወቅ፣ አራታችሁም ስትስማሙ ነው።