አሥር ብላችሁ አቁሙ

ልጆች፣ ሰላም ናችሁ? እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። 29 ዓመት ሙሉ የሰው ጉልበት ላይ አጎንብሼ «እጠፍ፣ ዘርጋ፣ ያዝ፣ ልቀቅ» ስል ነው የኖርኩት። ጡረታዬ ደርሷል። ሰሞኑን እጁ ተሰብሮ የመጣ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስፖርቱን እያሠራሁት «ጋሼ፣ እኔ ላይ እኮ ዲሲፕሊን የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም» አለኝ። ሳቅሁ። እሱ ግን የምሩን ነበር። ከፍቅረኛው ተለያይቷል፣ አንድ ሴሚስተር አቋርጧል፣ በየሰኞው አዲስ ሰው ለመሆን ይነሳና ረቡዕ ላይ ያበቃል። ያን ቀን ውጭ ወረፋ ስለነበር በደንብ ሳላጫውተው ሸኘሁት። እሱን ያላልኩትን ለእናንተ ልጻፈው።

ጄሶ የተፈታለት እግር አይታችሁ ታውቃላችሁ? 6 ሳምንት ተጠቅልሎ ሲከርም ጭኑ ይሟሽሻል፣ ቆዳው ይላላጣል፣ ጉልበቱ እንደ ዛገ የበር ማጠፊያ ድርቅ ይላል። አጥንቱ ገጥሟል። ራጁም ገጥሟል ይላል። ሰውየው ግን እግሩን እያየ የሌላ ሰው እግር ይመስለዋል። ታዲያ የመጀመሪያው ስፖርት ምን ይመስላችኋል? ፎጣ ጠቅልዬ ከጉልበቱ ሥር አስገባለሁ። «ፎጣውን በጉልበትህ ወደ አልጋው ተጫነው። እስከ 5 ቁጠር። ልቀቅ።» 10 ጊዜ፣ በቀን 3 ጊዜ። በቃ። ብዙዎቹ «ለዚች ነው ኮንትራት ታክሲ ይዤ የመጣሁት?» በሚል ዓይን ያዩኛል።

ከሳምንት በኋላ ሲመለሱ ያልሠራውን ገና በር ላይ አውቀዋለሁ፤ እሱ ብዙም አያስቸግረኝም፣ እንደገና እንጀምራለን። የሚያስቸግረኝ ሌላው ነው። ከሰኞ እስከ አርብ ረስቶት፣ ቅዳሜ ዕለት ራሱ ላይ ተናዶ 100 ጊዜ የሠራው። ጉልበቱ ዱባ አክሎ ይመጣል። «አሥር አልነበር ያልኩህ?» ስለው መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ለማካካስ ብዬ ነው።» ከዚያ በረዶ፣ እረፍት፣ ሁለት ሳምንት ወደ ኋላ።

ይቺን «ማካካስ» የምትባል ቃል ልብ በሉልኝ። ብዙ ወጣት ራሱን መግዛት ሲል ራሱን መቅጣት ማለቱ ነው። ትናንት ሰነፍኩ፣ ስለዚህ ዛሬ አልበላም። ፈተና ወደቅሁ፣ ስለዚህ ከነገ ጀምሮ ሌሊት 10 ሰዓት እነሳለሁ። ቲክቶክ ላይ ደግሞ ገና ጎህ ሳይቀድ በቀዝቃዛ ውኃ ታጥቦ፣ ጂም ሠርቶ፣ መጽሐፍ ጨርሶ የሚጮህባችሁ ሰው አይጠፋም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እነዚህን ሰዎች ሳያቸው ትዝ የሚለኝ ወጌሻ ነው።

ወጌሻን ለመስደብ አይደለም፤ እጃቸው የተባረከ አሉ፣ አያቴም በወጌሻ ነው የዳነው። ግን አንዳንዱ የተሰበረውን እጅ በቀርከሃ ጥርቅም አድርጎ ያስረዋል። ልጁ ያለቅሳል። «ቻል፣ እየዳነ ነው» ይባላል። ጣቱ ያብጣል፣ ይጠቁራል፣ ከዚያ ህመሙ ድንገት ይጠፋል፤ ቤተሰቡም ተሻለው ብሎ ይደሰታል። ህመሙ የጠፋው ደም መድረስ ስላቆመ ነው። ወደ ሆስፒታል ሲመጣ ብዙ ጊዜ የሚቀረው መቁረጥ ነው። እኔ እነዚያን ልጆች በቀረቻቸው እጅ ሸሚዝ መቆለፍ አስተምሬአለሁ። አጥንቱ እኮ ያለ እስራት አይገጥምም፣ መታሰሩ ልክ ነው። ጣቱ ሲጠቁር ግን ሊላላ ይገባ ነበር።

ጾም የያዘ ሰው ይሄ አይጠፋውም። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ ከዚያ ፋሲካ አለ። ረመዳንም ማታ ማታ ማፍጠሪያ አለው። እኛ አገር ሥጋን መጎሰም ቢባልም ጎሳሚው የሚያቆምበት ሰዓት ተቆርጦለታል። (ጾም ይዞ ቤተሰቡን በቁጣ የሚፈጀውን ሰውዬ ለጊዜው እንለፈው።) ራሳችሁ ለራሳችሁ ያወጣችሁት ሕግ ግን አብዛኛውን ጊዜ ማቆሚያ የለውም።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። በ2009 ዓ.ም. ታናሽ ወንድሜ ሞተ። ሰልስቱ አለፈ፣ አርባው ወጣ፣ ድንኳኑ ተነቀለ፣ እድርተኛው ወንበሩን ሰብስቦ ሄደ። ቤቱ ጭር ሲል ነው የገባኝ። ከሥራ ስወጣ ሁለት ቢራ ጀመርኩ። ከዚያ አራት። ከዚያ መቁጠር ተውኩ። እንጀራዬ መቁጠር የሆነ ሰውዬ! ሌሊት 8 ሰዓት ድረስ ስልኬ ላይ የወንድሜን የድሮ መልእክት እያነበብኩ አፈጣለሁ፣ ጠዋት አርፍጄ እገባለሁ። ለሰው ስፖርት የማዝዘው እኔ ጫማዬን ማሰር ያቅተኝ ነበር። ስለ ዲሲፕሊን የማውቀው ሁሉ አንድም አልጠቀመኝም። ማወቅና ማድረግ የተለያዩ ጡንቻዎች ሳይሆኑ አይቀሩም።

አንድ ቀን ዳሌያቸው ተሰብሮ የተቀየረላቸው አንዲት እናት በዎከር እያራመድኳቸው ነው። ከአልጋው እስከ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ እስከ አልጋው። «እማማ፣ ቤት ውስጥ አሥርዎን ሠርተዋል?» አልኳቸው። ቆም አሉ። ዎከሩን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ፊቴን ትክ ብለው አዩት። ጢሜ አድጓል፣ ዓይኔ ቀልቷል፣ የትናንቱ መጠጥም ይሸት ነበር መሰለኝ። «እኔስ ሠርቻለሁ። አንተስ ልጄ፣ የራስህን አሥር ሠራህ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። እሳቸውም መልስ አልጠበቁም፤ ዎከራቸውን ገፉ።

ያን ማታ ለራሴ እንደ በሽተኛ ካርድ አወጣሁ። ቀልዴን አይደለም፣ ወረቀት ላይ ጻፍኩት። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ፊቴን ታጥቤ፣ ጫማ አድርጌ፣ ሰፈር ዳቦ ቤት ሄጄ፣ ሁለት ዳቦ ገዝቼ መመለስ። ከቤቴ 200 እርምጃ ቢሆን ነው። መጠጥ ማቆም የሚል አልጻፍኩም። መጽሐፍ ማንበብ፣ ጸሎት፣ ዱብ ዱብ፣ ምንም። መለኪያዬ አንድ ነበር፤ በጣም በከፋው ቀኔ፣ ከነአንጎበሬ ልሠራው እችላለሁ ወይ? እችላለሁ። እንግዲያው መጠኑ ልክ ነው።

እና ሄድኩ። ከነአንጎበሬ። አንዳንድ ቀን የፒጃማ ሱሪ ላይ ካፖርት ደርቤ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ዳቦ ቤቱ ውስጥ የሚሠራው ልጅ «እንዴት አደሩ ጋሼ» ማለት ጀመረ፤ ሰው ሲሰላምህ ደግሞ ፊትህን መላጨት ያምርሃል። ጠዋት ለመነሳት ስል ማታ ቶሎ መተኛት ግድ ሆነ፣ ቶሎ ለመተኛት ስልኬን ሳሎን ቻርጅ ላይ ጥዬ መግባት፣ ቶሎ ለመግባት ግሮሰሪው ጋ አለመቀመጥ። ጠዋቱ ማታውን ጎተተው። መጠጡ ቀስ እያለ ቀነሰ፣ አራት ወር ገደማ ሲሆነኝ እንደገና የሚቆጠር ሆነ። (እዚህ ላይ አንድ ነገር፦ ለዓመታት በየቀኑ በብዛት የጠጣ ሰው ባንዴ ቀጥ ላድርግ ቢል ሰውነቱ ሊንቀጠቀጥ፣ ሊያንዘፈዝፈውም ይችላል። መጀመሪያ ሐኪም ያናግር።)

ሀዘኑ ለቀቀኝ አልላችሁም። ሙት ዓመቱ ሲደርስ መልሼ ወደቅሁ፣ 11 ቀን ዳቦ ቤቱን አላየሁትም። 12ኛው ቀን ላይ ያ የቅዳሜ ሰውዬ ውስጤ ተነሳ። «አሁን እስከ መስቀል አደባባይ ሮጠህ ካልመጣህ ሰው አይደለህም» ይለኛል። ለበሽተኞቼ የምለውን ለራሴ አልኩት፤ ስፖርት ውዝፍ የለውም። የመብራት ሂሳብ አይደለም፣ ያልሠራኸው ወር ተደምሮ አይመጣብህም። የዛሬውን ሁለት ዳቦ ገዝቼ ተመለስኩ።

ልኩ እንዲህ ሲያንስ የሚያፍር አለ፣ በተለይ ከዚህ በፊት ጎበዝ የነበረ ሰው። ለሱ የአበበ ቢቂላን የመጨረሻ ዓመታት አስታውሰዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያደረገውን ሁሉም ያውቃል። በ1964 የትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና ከተደረገለት አምስት ሳምንት ገደማ በኋላ ቶኪዮ ላይ በ2:12:11 ደግሞ አሸነፈ። እኔ የማነሳው ከ1969 የመኪና አደጋ በኋላ ያለውን ነው። ከወገቡ በታች አልታዘዝ ሲለው እንግሊዝ ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ተወሰደ። እዚያ ሉድቪግ ጉትማን የሚባል ሐኪም ህብለ ሰረሰራቸው የተጎዱ ሰዎችን ቀስት ያስወረውር ነበር፤ ቀስት ትከሻንና ጀርባን ያጠነክራል፣ ተቀምጦ ሚዛን መጠበቅንም ያስተምራል። እንዲህ የተጎዳ ሰው ከሚማራቸው የመጀመሪያ ነገሮች አንዱ በክንዱ ተደግፎ መቀመጫውን ከወንበሩ ማንሳት ነው፤ ቆዳው እንዳይቆስል በየጊዜው ይደግመዋል፣ ቀኑን ሙሉ፣ ዕድሜውን ሙሉ። 42 ኪሎ ሜትር የለመደ ሰው በ1970 እዚያው ስቶክ ማንዴቪል ውድድር ላይ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ ቀስት ወረወረ። ኖርዌይ ሄዶም በረዶ ላይ በሚንሸራተት ጋሪ (ስሌጅ) ተወዳድሮ አሸንፏል። በ1973 በ41 ዓመቱ አረፈ። እኔ ሥራዬ ስለሆነ ይሁን አላውቅም፣ ከሮም ሜዳሊያው ይልቅ ያ ቀስት ይበልጥብኛል።

አንድ ነገር ሳልል ግን ማለፍ አልችልም። ያልታሰረ ስብራት ላይ ስፖርት አይታዘዝም። ምግብ አልወርድ ካላችሁ፣ እንቅልፍ ሳምንታት ከራቃችሁ፣ መሞት የሚል ሐሳብ የሚመላለስባችሁ ከሆነ፣ የዳቦ ቤት ጉዞ አይበቃችሁም፤ ዛሬውኑ ለምታምኑት ሰው ንገሩና የአእምሮ ሐኪም ጋ ሂዱ። ጠበል የምትሄዱም ከሆነ ሂዱ፣ መድኃኒታችሁን ግን ይዛችሁ። ዲሲፕሊን ስለጎደላችሁ ነው የሚላችሁን ሰው አትስሙ። እግሩ የተሰበረን ሰው ሰነፍ ነው የሚል ማን አለ?

ሌሎቻችሁ እስቲ አሁን የምትሸከሙትን ዝርዝር አውጡት። ጂሙ፣ እንግሊዝኛው፣ ቁጠባው፣ ስልኩ፣ ጸሎቱ። አንዱን አስቀሩ። እሱንም ግማሽ አድርጉት። አሁንም ከፍ ካለ ደግማችሁ ግማሽ አድርጉት፣ ሳቅ እስኪመጣችሁ ድረስ። ለሌላ ሰው ስትነግሩት ማፈር ከጀመራችሁ ደርሳችኋል። ከዚያ ሰዓቱን ቁረጡ፤ «ሲመቸኝ» የሚባል ሰዓት የለም፣ እኔ 29 ዓመት ጠብቄው አልመጣም። ሲያምራችሁ ደግሞ እንዳትጨምሩ። በተለይ ደስ ባላችሁ ቀን። ደስ ያለው በሽተኛዬ ነው 20 የሚሠራብኝ።

እስከ ዛሬ ዳቦ ቤቱ እሄዳለሁ። ልጁ አሁን አግብቷል፣ የዳቦውም ዋጋ ስንቴ ጨመረ መሰላችሁ። ትናንት ጉንፋን ይዞኝ ቀረሁ። ዛሬ ስደርስ «ጋሼ፣ ትናንት ምነው ጠፉ? ሁለቱን ዳቦ አስቀምጬ ጠብቄዎት ነበር» አለኝ። ልክፈልህ ብዬ ኪሴ ስገባ ሳቀብኝ፤ ለሌላ ሰው ሸጦታል። የዛሬውን ሁለት በፌስታል አድርጎ ሰጠኝ።